የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ለተቋረጠባቸው ኮምፒውተሮች የሊኑክስ መጫኛ ቀን፦ በጎ ፈቃደኞችን እንዴት እናደራጅ?

ጠያቂ፦ ፔንግዊን ዘአራዳ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። እኛ ሊኑክስን (በዊንዶውስ ምትክ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ነፃ ስርዓተ ክወና) ለሥራም ለመዝናኛም የምንጠቀም፣ ከፊሎቻችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከፊሎቻችን ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ የኔትወርክና የሶፍትዌር ሥራ የምንሠራ ጥቂት ጓደኛሞች ነን። ማኅበራችን እስካሁን ከቴሌግራም ግሩፕና ቡና እየጠጣን ከምናደርገው ጭውውት አላለፈም። አሁን ግን ከራሳችን ክበብ ውጭ ላለው ሰው የሚጠቅም ነገር ለመሥራት አስበናል።

መነሻችን ይህ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ላወጣው ዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ለተራዘመው ማሻሻያ የተመዘገቡ የግል ተጠቃሚዎችም ቢሆኑ የተሰጣቸው ጊዜ የሚያበቃው ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ፣ በኢንቴል በኩልም በጥቅሉ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ያገለገሉ ሆነው ከውጭ የገቡት የአራተኛና የስድስተኛ ትውልድ ላፕቶፖች መስፈርቱን አያሟሉም። እነዚህ ማሽኖች ሃርድ ዲስካቸው ኤስኤስዲ በተባለው ፈጣን ማከማቻ ቢቀየርና ራማቸው ወደ 4 ወይም ወደ 8 ጊጋባይት ከፍ ቢል ሊኑክስ ሚንት በተባለው የሊኑክስ ሥርጭት (ዓይነት) ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ሚንት ራሱ የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ነው፤ የሚመከረው ደግሞ 4 ጊጋባይት ራም ነው።

በየዓመቱ በሴፕቴምበር ሦስተኛ ቅዳሜ የሚከበረው የሶፍትዌር ነፃነት ቀን በሚቀጥለው ዓመት መስከረም 9 ቀን 2019 ዓ.ም. ላይ ይውላል። በዚያ ቀን ሰዎች ላፕቶፓቸውን ይዘው የሚመጡበት ክፍት የመጫኛ ዝግጅት ለማድረግ፣ ጎን ለጎንም አንድ ሁለት ትምህርት ቤቶችን ስለ ነፃ ሶፍትዌር (ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊያጠናው፣ ሊለውጠውና ሊያካፍለው ስለሚፈቀድለት ሶፍትዌር) ለማነጋገር አቅደናል። በመካከላችን ግን ስምምነት የለም። አንዳንዶቻችን በማኅበራዊ ሚዲያ ሰፊ ቅስቀሳ አድርገን የቻልነውን ያህል ሰው እንጥራ እንላለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ አዳራሹ ሞልቶ ሥራው ከሚበላሽ ጥቂት ሰው በምዝገባ ይምጣ እንላለን። በተጨማሪም በጎ ፈቃደኞቹን በምን ዓይነት ሥራ መከፋፈል እንደሚሻል፣ ሰውን ወደ ሊኑክስ ስንጋብዝ ስለ ምን መናገር እንዳለብን፣ እንዲሁም እንደ እኛ ያለ ሕጋዊ ምዝገባ የሌለው ስብስብ አዳራሽ የሚያገኝበትን መንገድ ልምድ ያላችሁ ብትነግሩን እናመሰግናለን።

መልስ፦ የድሮ ተርሚናል (ባሕር ዳር)

ውድ ፔንግዊን ዘአራዳ፣

ሐሳባችሁ መልካም ነው። ዕቅዳችሁን ግን ከዝግጅቱ ቀን ሳይሆን ከዝግጅቱ ማግስት ጀምራችሁ ወደ ኋላ ብትሠሩት ይሻላል። ሊኑክስን መጫን ዛሬ ኤስኤስዲ ባለው ማሽን ላይ አጭር ሥራ ነው። አስቸጋሪው ባለቤቱ ቤቱ ከገባ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ማተሚያው እምቢ ሲለው፣ ከሥራ ባልደረባው የተላከለት ሰነድ በማይነበብ ፊደል ሲከፈትበት፣ ወይም ዋይፋዩ ከእንቅልፍ ሁናቴ ሲመለስ ሲጠፋበት የሚጠይቀው ሰው ካጣ፣ በነጋታው ሰፈሩ ወዳለው ጥገና ቤት ሄዶ «ፎርማት አድርጉልኝ» ይላል። ለጎረቤቱም ሊኑክስ እንደማይሠራ ይነግራል። ስለዚህ የምትመዘግቡት ሰው ቁጥር መወሰን ያለበት በአዳራሹ ስፋት ወይም በፍላሾቻችሁ ብዛት ሳይሆን፣ በቀጣዮቹ ሁለትና ሦስት ወራት ስልክ ለማንሳት ቃል በገቡት አባላት ቁጥር ነው። እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ ሦስት ወይም አራት ሰው በስም ተረክቦ ቢከታተል፣ የሰፊ ቅስቀሳና የጥቂት ሰው ክርክራችሁ በራሱ መልስ ያገኛል።

የሥራ ክፍፍሉን በተመለከተ፣ የቴክኒክ ችሎታው ከሁሉ የላቀው አባላችሁ በር ላይ እንዲቆም እመክራለሁ። ይህ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ነገር ግን ትልቁ ውሳኔ የሚወሰነው በር ላይ ነው፤ ይህ ማሽን ይጫንበት ወይስ አይጫንበት፣ ይህ ሰው ለሥራው የሚያስፈልገው ፕሮግራም ምንድን ነው፣ ፋይሎቹስ ሌላ ቦታ ተቀምጠዋል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ በትዕግሥት የሚያነጋግር ሰው ይሻሉ። መጫኑን ጀማሪዎቹም ቢሆኑ ከእናንተ ጋር ቀደም ብለው ቢለማመዱ ይወጡታል። ባክአፕ የሚያደርግ (የፋይሎቹን ቅጂ ሌላ ቦታ የሚያስቀምጥ) አንድ ሰው ለብቻው ይመደብ፤ ከእርሱ እጅ «ተቀምጧል» የሚል ወረቀት ያልተቀበለ ማሽን ወደ መጫኛው ጠረጴዛ አይለፍ። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር ባለቤቱ ሳያውቀው ሥራ ላይ ውሎ ሊገኝ ስለሚችል፣ የዲስኩ ክፍፍል ከመነካቱ በፊት ባለ 48 አኃዙ የመመለሻ ቁልፍ መገኘት አለበት። ዊንዶውሱን ሳያጠፉ ሊኑክስን ከጎኑ ለሚጭኑ ደግሞ የዊንዶውሱ ፈጣን ማስነሻ (ፋስት ስታርትአፕ) መጀመሪያ ይዘጋ፤ አለበለዚያ የዊንዶውሱ ክፍል በሊኑክስ በኩል ለመጻፍ አይከፈትም።

ማንም ሰው ሳይሞክር አይጫንለት። ቬንቶይ በተባለው ፕሮግራም የተዘጋጀ አንድ ፍላሽ ብዙ ሥርጭቶችን መያዝ ስለሚችል፣ ባለቤቱ ራሱ ሚንትን ከፍላሹ አስነሥቶ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውንና የስክሪኑን ብርሃን ይፈትሽ። ከፍላሽ ሲነሣ የማይሠራ ዋይፋይ ከተጫነ በኋላም ብዙ ጊዜ ድራይቨር (መሣሪያውን ከስርዓተ ክወናው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ፍለጋ ያስይዛል፤ ለዚህም ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ኢንተርኔት መስጠት የሚረዳ ዘዴ ነው። በነገራችን ላይ የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራቹ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ2019 ባቀረበው ጽሑፍ፣ በእንዲህ ያሉ ዝግጅቶች ላይ ነፃ ያልሆኑ ድራይቨሮችን የሚጭነው ሰው እንደ ዲያብሎስ ለብሶ ጥግ ላይ ወይም በሚቀጥለው ክፍል ይቀመጥ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ዓላማው ተጠቃሚው ምን እየተቀበለ እንደሆነ እንዲያውቅ ነው፤ እናንተ ግን ዲያብሎሱን ትታችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብታስረዱት፣ በተለይ አዳራሹን የሚሰጣችሁ ክፍል የሰንበት ትምህርት ቤት ከሆነ፣ የተሻለ ይመስለኛል።

የኢንተርኔት ወጪን ለመቀነስ አንድ ላፕቶፕ ላይ አፕት ካሸር ኤንጂ የተባለውን ፕሮግራም አስቀምጡ፤ የመጀመሪያው ማሽን ያወረደውን ፓኬጅ ይዞ ለተከታዮቹ በውስጥ ኔትወርክ ያድላል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችልም ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በዩፒኤስ ላይ ሳይሆን መጫን አይጀመርበት።

አዳራሽን በተመለከተ፣ ችግራችሁ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ማጣት ነው። ለአንድ ቀን ዝግጅት ብሎ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት እንደ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ለመመዝገብ መሮጥ አይገባም። በመካከላችሁ ያሉት ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲያቸው ባለው ክበብ በኩል ቢያመለክቱ፣ ወይም የአንድ ወጣት ማዕከል ወይም ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ዝግጅቱን የራሱ ፕሮግራም አድርጎ እንዲይዘው ብትጠይቁ መንገዱ ያጥራል።

ቅስቀሳውን በሚመለከት የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዊንዶውስን አትስደቡ። ሰውየው ትናንት ገንዘብ ከፍሎ ያስጫነውን ነገር ስታንቋሽሹ የምታንቋሽሹት የእርሱን ምርጫ ነው። ስለ ቀርፋፋው ላፕቶፑና ፍላሹ ላይ እየተፈለፈለ ስላስቸገረው ሾርትከት ቫይረስ ተናገሩ፤ ሲያዳምጣችሁ ደግሞ እውነቱን ሙሉውን ንገሩት። ያ ቫይረስ በሊኑክስ ላይ አይሠራም፤ ፍላሹ ላይ ግን ይቆያል፣ ወደ ሌላ ሰው ዊንዶውስም ይሻገራል።

መልስ፦ ሒሳብ ሹም

የተከበሩ ጠያቂ፣ ከላይ የተሰጠው ምክር ጥሩ ሆኖ፣ በር ላይ የሚቆመው ሰው «አይሆንልዎትም» ብሎ መመለስ ያለበት ማን እንደሆነ በዝርዝር መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ። እኔ የምሠራው በሒሳብ አያያዝ ሙያ ነው፤ ሊኑክስንም በግሌ እጠቀማለሁ።

በአገራችን ብዙ ትናንሽና መካከለኛ ድርጅቶች መዝገባቸውን የሚይዙት ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ፒችትሪ በሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይሠራም። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው በዋይን በኩል ለማስነሣት የሚሞክር አባል ካላችሁ ሙከራውን በራሱ ማሽን ላይ ያድርገው እንጂ የሰው የሒሳብ መዝገብ ላይ እንዳይሞክረው፤ ግብር የሚከፈልበት መዝገብ በሙከራ ቢበላሽ ተጠያቂው የኮምፒውተሩ ባለቤት ነው። እንዲህ ያለ ተጠቃሚ ዊንዶውሱን ይዞ ይቆይ፤ ከፈለገ ሊኑክስ ከጎን ይጫንለት፤ ዊንዶውሱን ግን በተቻለ መጠን ለሒሳቡ ሥራ ብቻ እንዲጠቀምበትና ኢንተርኔቱን በሊኑክሱ በኩል እንዲከፍት ምከሩት።

ሁለተኛው ጉዳይ የድሮ የአማርኛ ሰነድ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልዘግይ፣ ምክንያቱም ሰዎች ሊኑክስን የሚረግሙት ባላጠፋው ጥፋት እዚህ ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር መለኪያ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በሦስተኛው ዕትም ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ብዙ መሥሪያ ቤት የጻፈው በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የቀድሞ ፎንቶች ሲሆን፣ በእነዚህ ሰነዶች ውስጥ የተቀመጠው በእርግጥ የላቲን ምልክት ነው፤ የግዕዝ መልክ የሚሰጠው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ፣ ሊኑክስም ሆነ አዲስ ዊንዶውስ፣ የአሥር ዓመት ቃለ ጉባኤ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይከፈታል። ስለዚህ የመጫኛው ቀን ከመድረሱ በፊት፣ ዊንዶውሱና ፎንቱ ገና በቦታቸው ሳሉ፣ ባለቤቱ እነዚህን ሰነዶች ወደ ፒዲኤፍ እንዲቀይር፣ ሊያርማቸው የሚፈልጋቸውን ደግሞ ወደ ዩኒኮድ እንዲያስለውጥ በምዝገባው ቅጽ ላይ ጠይቁት። ከተጫነ በኋላ ይህን ጥያቄ ማንሣት ዘግይቷል።

አጻጻፉም ራሱን የቻለ ትምህርት ይሻል። ሊኑክስ ላይ አይባስ በተባለው መጻፊያ በኩል የሚገኘው የሴራ ዘዴም ሆነ ኪይማን የተባለው ፕሮግራም በላቲን ቁልፎች አማርኛ ያስጽፋሉ፤ አመታታቸው ግን ከፓወር ግዕዝ ጋር ሙሉ በሙሉ አንድ አይደለም። ለዓመታት አንድ ዓይነት አመታት የለመደች ጸሐፊ «ጸ»ን ወይም «ኋ»ን ፈልጋ ስታጣ አሥር ደቂቃ ሙሉ የምትታገል ከሆነ ስለ ሶፍትዌር ነፃነት የነገራችኋት ሁሉ ይጠፋል። የቁልፎቹን ዝርዝር የያዘ አንድ ገጽ አትማችሁ ለእያንዳንዱ ሰው ስጡ። አቢሲኒካና ኖቶ ፎንቶችም አስቀድመው ይጫኑ።

በመጨረሻ ማተሚያ። የኤችፒ ሌዘር ማተሚያዎች አምራቹ ራሱ በሚያወጣው የሊኑክስ ድራይቨር በአብዛኛው ያለ ጣጣ ይሠራሉ። በየቢሮው ያለው አሮጌው ካኖን ኤልቢፒ 2900 ግን አስቸጋሪ ነው። በምዝገባው ቅጽ ላይ የማተሚያውን ሞዴል ጠይቁ።

መልስ፦ ክፍት ምንጭ

በሁለቱም መላሾች ጥንቃቄ ብስማማም አንድ ነገር ቅር ብሎኛል። እስካሁን የተነገረው ሁሉ ሊኑክስን የአሮጌ ላፕቶፕ መድኃኒት ብቻ አድርጎ የሚያቀርብ ነው። በዚህ መልክ የመጣ ሰው አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ዕለት ተመልሶ ይሄዳል። ነፃ ሶፍትዌር ማለት ፕሮግራሙን ለፈለግነው ዓላማ ማስኬድ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማጥናትና መለወጥ፣ ማካፈል፣ የለወጥነውንም ማካፈል የምንችልበት መብት ነው፤ ይህ በዝግጅቱ ላይ በግልጽ ካልተነገረ የምትሠሩት ሥራ ከጥገና ቤት ሥራ በምን ይለያል? የሶፍትዌሮችን የአማርኛ ትርጉም ማሟላት፣ የፊደል ግድፈት ማረሚያ ማዘጋጀት፣ ስሕተት ሪፖርት ማድረግ ለኮምፒውተር ሊቃውንት ብቻ የተተወ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ጠረጴዛ ቢኖራችሁ፣ ከመጡት መካከል ቀጣዮቹን በጎ ፈቃደኞች ታገኛላችሁ። ዊንዶውስን ከጎን አስቀምጦ የመጫኑ ነገርም እንደ ልማድ ባይያዝ እመርጣለሁ፤ ሰው ባወቀው በኩል መግባቱ አይቀርም።

መልስ፦ ከሙኒክ ማዶ (ጀርመን)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው በጀርመን አገር ነው፤ እዚህ የማየው ለጥያቄው ስለሚጠቅም ላካፍል።

እ.ኤ.አ. በ2025 የሊኑክስ ዴስክቶፕ የሚሠራውን ኬዲኢን ጨምሮ የተለያዩ የነፃ ሶፍትዌር ማኅበረሰቦች «ኤንድ ኦፍ 10» የተባለ ዘመቻ ጀምረው፣ የዊንዶውስ 10 ባለቤቶችን በየአካባቢያቸው ካሉ የሊኑክስ ቡድኖችና የጥገና ካፌዎች ጋር ያገናኛሉ። የጥገና ካፌ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2009 በአምስተርዳም ማርቲን ፖስትማ የጀመረችው ሐሳብ ነው። ጠቃሚው ልማዱ ባለቤቱ ዕቃውን ሰጥቶ የማይሄድ መሆኑ ነው፤ ከጠጋኙ አጠገብ ተቀምጦ፣ ብሎኑን ራሱ እየፈታ፣ የተሠራውን እያየ ይማራል። በሊኑክስ መጫኛ ቀንም ይኸው ሥርዓት ቢያዝ መልካም ነው። ማውዙ በባለቤቱ እጅ ይሁን፤ በጎ ፈቃደኛው ይናገር እንጂ አይንካ። ይህ ሥራውን ያዘገየዋል፤ ዳሩ ግን በኋላ የሚመጣውን የስልክ ጥሪ በእጅጉ ይቀንሳል፤ የሰውን የግል ፎቶና ሰነድ ከመንካትም ያድናችኋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በአገራችን ስለ ወጣም፣ በምዝገባው ቅጽ ላይ የምትሰበስቡትን ስምና ስልክ ለምን እንደምትፈልጉትና መቼ እንደምታጠፉት ጻፉበት።

ትምህርት ቤቶችንና መሥሪያ ቤቶችን ስለ ማነጋገር ግን የሁለት የጀርመን አስተዳደሮችን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። የሙኒክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመዛወር ወስና፣ በ2013 ሥራውን ስታጠናቅቅ ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን አዛውራ ነበር፤ በ2017 ግን የከተማዋ ምክር ቤት ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ድምፅ ሰጠ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ፖለቲካም አለበት፤ ነገር ግን ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚደረገው የሰነድ ልውውጥ ሠራተኛውን ማስመረሩ ሁልጊዜ የሚነሣ ቅሬታ ነበር። በሰሜን ያለው የሽሌስቪግ ሆልሽታይን ክፍለ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 30,000 ለሚጠጉ የሥራ ቦታዎች ለውጥ እንደሚያደርግ ሲያስታውቅ የጀመረው ሊብረኦፊስ ከተባለው ነፃ የቢሮ ሶፍትዌር ነው፤ ሠራተኛው ገና ዊንዶውስ ላይ ሳለ መጻፊያውንና ማስያ ሠንጠረዡን ለመደ፤ ኢሜይሉም ተከተለ፤ የስርዓተ ክወናው ነገር ወደ ኋላ ቀረ።

ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶችም በዚህኛው ቅደም ተከተል እንድትሄዱ እመክራለሁ። ርእሰ መምህሩን «የኮምፒውተር ክፍላችሁን በሙሉ እንለውጥ» ብትሉት የአይሲቲ መምህሩ ወርድና ኤክሴል ማስተማር እንዳለበት ይነግራችኋል፤ እውነቱንም ነው። ነገር ግን ሊብረኦፊስንና ፋየርፎክስን እዚያው ዊንዶውስ ላይ መጫን ማንንም አያስፈራም፤ መምህሩም በራሱ ጊዜ ይለምደዋል። መምህሩ ሳይዘጋጅ መሣሪያው ቀድሞ ሲገባ ምን እንደሚሆን ኢትዮጵያ ራሷ አይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ በሊኑክስ የሚሠሩት አረንጓዴዎቹ የልጆች ላፕቶፖች በሺዎች ተቆጥረው ሲታደሉ፣ በክፍል ውስጥ ምን ይደረግባቸው የሚለው ጥያቄ ብዙ መምህራንን አስቸግሮ ነበር።

«ክፍት ምንጭ» ላነሡት ሐሳብ አንድ ጠረጴዛ መመደቡን እደግፋለሁ። ዊንዶውሱን እናጥፋው የሚለውን ግን አልደግፍም። ያ ውሳኔ የእኛ አይደለም።

ጠያቂ፦ ፔንግዊን ዘአራዳ

ለሁላችሁም ከልብ እናመሰግናለን። ግሩፓችን ላይ ተወያይተንበታል። በምዝገባ ብቻ እንዲሆን፣ የተመዝጋቢዎችም ቁጥር ለክትትል ቃል የገቡት አባላት ሊከታተሉት ከሚችሉት እንዳይበልጥ ተስማምተናል፤ የምዝገባው ቅጽ ስለ ፒችትሪ፣ ስለ ድሮ የአማርኛ ሰነድና ስለ ማተሚያ ሞዴል ይጠይቃል። ትምህርት ቤቶቹን በሊብረኦፊስ ለመጀመር ተስማምተናል። የአማርኛ ትርጉም ጠረጴዛም ይኖራል።

አንድ የቀረ ጥያቄ አለን። «የድሮ ተርሚናል» እንዳሉት ሰው ሲቸግረው የሚሄደው ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ሰፈሩ ጥገና ቤት ነው። ጥገና ቤቶቹን ማነጋገር ይገባናል ወይስ እንደ ተወዳዳሪ አይተውን ያባርሩናል? በዚህ መድረክ ላይ የጥገና ባለሙያ ካለ ሐሳቡን ቢሰጠን ደስ ይለናል።

መልስ፦ ጠጋኙ (መርካቶ)

ለረጅም ጊዜ ሳነብብ ነበር፤ ጥያቄው ወደ እኛ ስለ ዞረ ልመልስ።

እኛ ዊንዶውስ የምንጭነው ዊንዶውስን ስለምንወድ አይደለም። ደንበኛው ጠዋት ሰጥቶን ከሰዓት ሊወስድ ይፈልጋል፤ እኛም ኦፊሱ፣ ፓወር ግዕዙ፣ ፊልም ማጫወቻው፣ ፀረ ቫይረሱ ሁሉ የተጫነበት አንድ የተዘጋጀ ኮፒ አለን፤ ጎስት በተባለው የዲስክ መገልበጫ እንገለብጠዋለን፣ ያበቃል። አብዛኛው ክራክ የተደረገ (ያለ ፈቃድ የተከፈተ) መሆኑን ማንም ያውቃል። ሊኑክስ የያዘ ደንበኛ መጥቶ ማተሚያዬ አልሠራም ሲለኝ እኔ ሁለት ሰዓት ልፈልግለት፣ ክፍያው ግን ያው የፎርማት ክፍያ ነው። ስለዚህ ፎርማት አደርገዋለሁ። ይህን ያህል ቀላል ነው።

እንድንተባበራችሁ ከፈለጋችሁ በሰፈራችን ነፃ አገልግሎት ብላችሁ ባነር አትስቀሉ፤ እንጀራችንን የነካችሁ ይመስለናል። ይልቅ እኛ ከለመድነው ጋር የሚመሳሰል ነገር ይዛችሁ ኑ። የአማርኛ መጻፊያው፣ ፎንቶቹ፣ ሊብረኦፊሱና የተለመዱት ማተሚያዎች ድራይቨር አስቀድመው የገቡበት አንድ ሚንት አዘጋጁና እንደ ጎስት ዲስክ በሚገለብጠው በክሎንዚላ ኮፒ አድርጋችሁ ስጡን። ነፃ ሶፍትዌር ቢሆንም ለጭነቱና ለጥገናው ገንዘብ መቀበል እንደሚፈቀድ ለባለ ሱቁ በግልጽ ንገሩት፤ ብዙው ሰው ይህን አያውቅም፣ ነፃ ሲባል ምንም ገቢ የሌለው ሥራ ይመስለዋል። ሁለት ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ በየሳምንቱ ይመጣብናል፤ ዊንዶውስ 10 ስንጭንበት ደንበኛው ቀርፋፋ ነው ብሎ ይመልሰዋል፤ ያንን ማሽን በቀላል ሊኑክስ አስነሥቶ ክፍያ ተቀብሎ የሚያስረክብ ሱቅ ያተርፋል። ሥራው የሚጀመረውም በእንደዚህ ዓይነቱ ላፕቶፕ ነው፤ ደንበኛው ከኢንተርኔትና ከፊልም ሌላ የሚፈልገው የለም።

ሌላው ስልክ ነው። እናንተ ለተጠቃሚው ስልክ ቁጥራችሁን ከምትሰጡ ለእኛ ስጡን። ደንበኛውን እኛ እናስተናግደዋለን፤ እኛ የከበደንን እናንተ ትነግሩናላችሁ። አንድ ሱቅ ከያዛችሁ ከጎኑ ያለው ሱቅ ምን እየሠራ እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም።

ጠያቂ፦ ፔንግዊን ዘአራዳ

ይህ ጨርሶ ያላሰብንበት አቅጣጫ ነው። ኮፒውን እናዘጋጃለን። ከመስከረም በፊት፣ በክረምቱ ወራት፣ ጥቂት ጥገና ቤቶችን ብቻ ይዘን ብንሞክረው ይሻላል የሚል አባል አለን፤ ዝግጅቱ ላይም ባለ ሱቆቹ ራሳቸው ጠረጴዛ ይዘው እንዲቀመጡና ሰው በኋላ የሚሄድበትን ሱቅ እዚያው እንዲያውቅ እናደርጋለን። ያስቸገረን የካኖን ኤልቢፒ 2900 ጉዳይ ነው፤ ከአባላቶቻችን ማናችንም ማተሚያው ስለሌለን ድራይቨሩን በኮፒው ውስጥ አስገብተን ልንፈትሽ አልቻልንም።

መልስ፦ ጠጋኙ (መርካቶ)

ሱቄ ውስጥ ለጥገና መጥቶ ባለቤቱ ያልወሰደው አንድ አለ፤ ቶነሩ አልቋል እንጂ ይሠራል። ቶነር ገዝታችሁ ኑ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለሚቀንስ ያን ጊዜ ይሻላል፤ የሱቁን አድራሻ በግል መልእክት እልክላችኋለሁ።